ግሡ መጨረሻ ላይ የሚመጣበት የፕሮግራም ቋንቋ፦ አሠራሩ ከነምክንያቱ

አንድ ሰው ኮዱን ሳያስኬድ፣ በዓይኑ ብቻ አንብቦ ምን እንደሚወጣ መናገር ከቻለ ያ ቋንቋ ቀላል ነው። እዚህ የምናቆመው ትንሽ፣ ለሁሉም ዓይነት ሥራ የሚሆን ቋንቋ የሚመዘነው በዚህ ነው። የቁልፍ ቃላት (ቋንቋው ለራሱ ሥራ የያዛቸው ቃላት) ማነስ ይረዳል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ሲ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በ1989ኙ ደረጃው 32 ቁልፍ ቃላት ነበሩት፤ ጎ የተባለው ቋንቋ 25 አለው፤ ሉአ 5.4 ደግሞ 22። ሁሉም ትንንሽ ናቸው። ያም ሆኖ ሲ ውስጥ `ሀ & ለ == 0` ብሎ የጻፈ ሰው ይሸወዳል፤ ኮምፓይለሩ (ኮዱን ለማሽኑ የሚተረጉመው ፕሮግራም) በቅድሚያ የሚያወዳድረው «ለ»ን ከ0 ጋር ነውና። ምክንያቱ የቆየ ነው። ነጠላው ምልክት ቁጥሮችን ቢት በቢት ያጣምራል፤ ድርቡ ደግሞ «እና» ማለት ነው። && ሳይፈጠር በፊት & የሁለቱንም ሥራ ደርቦ ይሠራ ነበር። && ሲጨመር፣ እስከዚያ የተጻፈው ኮድ እንዳይበላሽ ተብሎ የ& ቅደም ተከተል ባለበት ተተወ። አንዲት ያልተነካች ውሳኔ ይኸው ከሃምሳ ዓመት በላይ ፕሮግራመር ታሳስታለች።

ስለዚህ መመሪያችን አንድ ነው፦ አንባቢው በሁለት መንገድ ሊረዳው የሚችል ነገር ሲመጣ ቋንቋው አንዱን በዝምታ አይመርጥም፤ ስህተት ብሎ ይቆማል።

ቋንቋው እንዲህ ይመስላል።

```
ፋክቶሪያል(ቁ) ማለት {
    ቁ < 2 ከሆነ {
        1 መልስ።
    }
    ቁ * ፋክቶሪያል(ቁ - 1) መልስ።
}

ተራ = 1 ይሁን።
ተራ <= 5 ሳለ {
    ጻፍ(ተራ፣ ፋክቶሪያል(ተራ))።
    ተራ = ተራ + 1።
}
```

ቁልፍ ቃላቱ 11 ናቸው፦ ይሁን፣ ማለት፣ መልስ፣ ከሆነ፣ ካልሆነ፣ ሳለ፣ እና፣ ወይም፣ አይደለም፣ እውነት፣ ሐሰት። «ጻፍ» ከእነዚህ አይቆጠርም፤ ከቋንቋው ጋር አብሮ የሚመጣ ተራ ፋንክሽን (በስሙ የሚጠራ የኮድ ክፍል) ነው። ጽሑፍ በ« እና በ» መካከል ይገባል። መክፈቻውና መዝጊያው የተለያየ ስለሆነ በጥቅስ ውስጥ ጥቅስ ማስገባት ይቻላል፤ ሌክሰሩ (ኮዱን ወደ ቃላትና ምልክቶች የሚከፋፍለው ክፍል) « ሲያይ አንድ ይጨምራል፣ » ሲያይ አንድ ይቀንሳል፣ ዜሮ ሲደርስ ጽሑፉ አልቋል።

ግሡ ከኋላ ሲሆን ፓርሰሩ ምን ይሆናል

አብዛኛው የፕሮግራም ቋንቋ ትእዛዙን ከፊት ያስቀድማል። ፓርሰሩ፣ ማለትም የዓረፍተ ነገሩን አወቃቀር የሚያነበው ክፍል፣ የመጀመሪያውን ቃል ሲያይ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ያውቃል። በአማርኛ ግን «ከሆነ ቁ ከ2 ያነሰ» አይባልም፤ የእንግሊዝኛውን ቁልፍ ቃላት ብቻ በአማርኛ ተክቶ ቅደም ተከተሉን እንዳለ መተው ለንባብ የሚጎረብጥ ኮድ ያመጣል። ግሡን ወደ ቦታው መመለስ ደግሞ እንደሚፈራው ከባድ አይደለም። እንዲያውም ፓርሰሩን ያሳጥረዋል።

አሠራሩ ይህ ነው። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር የሚጀምረው በአንድ የሒሳብ አገላለጽ ነው። ፓርሰሩ አገላለጹን እስከሚያልቅበት ያነብና ቀጥሎ የቆመውን ቃል ያያል። «ከሆነ» ከሆነ ያነበበው ነገር ቅድመ ሁኔታ ነበር ማለት ነው፤ ከዚያ { ይጠብቃል። «ሳለ» ከሆነ ሉፕ፣ ማለትም የሚደጋገም ሥራ፣ ነው። «መልስ» ከሆነ ከፋንክሽን የሚመለስ ዋጋ ነው። = ከሆነ ግራው የቫሪያብል፣ ማለትም ዋጋ የሚያዝበት፣ ስም መሆኑን ያረጋግጣል፣ የቀኙን አገላለጽ ያነባል፣ ከዚያ «ይሁን» ካገኘ አዲስ ስም መፍጠር፣ ካላገኘ የነበረን ስም መቀየር አድርጎ ይወስደዋል። ። ብቻ ካገኘ ደግሞ ተራ ጥሪ ነው። ውሳኔው በሙሉ አንድ ቦታ ላይ ያልቃል።

«ማለት» ትንሽ ጥንቃቄ ትፈልጋለች። `ፋክቶሪያል(ቁ)` ሲነበብ ፓርሰሩ የሚያውቀው ጥሪ መሆኑን ብቻ ነው። ቀጥሎ «ማለት» ሲመጣ ያንን ጥሪ ወደ ፋንክሽን መግለጫ ይለውጠዋል። በዚህ ጊዜ በቅንፉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ስሞች ብቻ መሆናቸውን አንድ በአንድ ማረጋገጥ የግድ ነው። `ፋክቶሪያል(ቁ + 1) ማለት {` የሚል ቢመጣ «በቅንፉ ውስጥ ስም ብቻ ይፈቀዳል» ማለት አለበት፤ አለዚያ ስህተቱ ፋንክሽኑ ሲጠራ፣ ሌላ ቦታ ላይ ይፈነዳል። ጃቫስክሪፕትም ከ2015 ጀምሮ በቀስት የሚጻፉትን ፋንክሽኖቹን የሚያነበው በዚሁ ስልት ነው፦ ቅንፉን እንደ ተራ አገላለጽ ያነብና ቀስቱን ሲያይ ዞሮ እንደ ፓራሜትር፣ ማለትም ፋንክሽኑ እንደሚቀበላቸው ስሞች፣ ይተረጉመዋል።

የዚህ አካሄድ ዋጋም አለው። ቅድመ ሁኔታው መሃል ላይ ስህተት ካለ ፓርሰሩ ጸሐፊው «ከሆነ» ሊል ነበር ወይስ «ሳለ» አያውቅም። ስለዚህ የስህተት መልእክቱ ስለ አገላለጹ ብቻ መናገር አለበት፤ ስላልደረሰበት ነገር መገመት የለበትም።

አንድ ፈተና ደግሞ አለ፤ የስም ቅጥያዎችን ማወቅ። `ድምሩን` ሲጻፍ «ን» ቆርጦ `ድምሩ` ብሎ የሚረዳ ቋንቋ ያምራል። አያድርጉት። `ሚዛን` የሚል ቫሪያብል ሲመጣ `ሚዛ` ይሆናል። ስም እንደተጻፈ ይወሰድ።

ሌክሰሩ፦ ፊደል ላይ የሚያጋጥሙ ወጥመዶች

ሌክሰሩ ጽሑፉን ወደ ቶከን ይከፋፍላል፦ ቁጥር፣ ስም፣ ቁልፍ ቃል፣ ምልክት፣ ጽሑፍ። እያንዳንዱ ቶከን የጀመረበትን ብቻ ሳይሆን ያለቀበትንም መስመርና ቦታ ይያዝ፤ ጥቅሙ ወደ በኋላ ይታያል። ከዚህ ውጪ ሥራው ቀላል ነው፣ ከፊደሉ በስተቀር።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ቁጥር የሚሰጠው ደረጃ) ውስጥ የገባው በ1999 በ3.0 እትም ነው። ዋናው ክፍል በአሥርዮሽ ሲቆጠር ከ4608 እስከ 4991 ያለውን ቦታ ይይዛል። ዩኒኮድን በፋይል ውስጥ በሚያስቀምጠው በዩቲኤፍ-8 አንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ነው። ፋይሉን በባይት የሚያነብና በባይት የሚቆጥር ሌክሰር «ቦታ 31» ሲል ሰውየው 11ኛው ፊደል ላይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ፊደል መቀየር፣ ከዚያ መቁጠር።

ሁለተኛው ወጥመድ ። ነው። አራት ነጥብ ራሱን የቻለ አንድ ፊደል ነው፤ ቁጥሩ 4962። ብዙ ሰው ግን የሚጽፈው ሁለት ነጥብን፣ ማለትም 4961ን፣ ሁለት ጊዜ ደጋግሞ ነው፦ ፡፡ ። በዓይን ሁለቱን መለየት አስቸጋሪ ነው። ዓይን የማይለየውን ነገር ቋንቋው ቢለይ መመሪያችን ፈረሰ። ሌክሰሩ ፡ ሲያይ የሚቀጥለውን ፊደል ያጮልቅ፤ እሱም ፡ ከሆነ ሁለቱን አንድ ላይ እንደ ። ይቁጠር፤ ካልሆነ እንደ ባዶ ቦታ ይለፈው። በጥቅስ ውስጥ ያለው ግን እንዳለ ይቀመጥ፤ የተጠቃሚው ጽሑፍ የተጠቃሚው ነው።

ሦስተኛው ሞክሼ ፊደላት ናቸው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ እንዲሁም ሃ በአማርኛ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንደዚሁ። ዩኒኮድ ጽሑፍን አንድ ወጥ የሚያደርግባቸው መደበኛ ሕጎች እነዚህን አያዋህዱም፤ ለእሱ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ስለዚህ አንዱ መስመር ላይ `ሥራ`፣ ሌላው ላይ `ስራ` ተብሎ ከተጻፈ ሁለት ቫሪያብል ነው። ሁሉንም ማዋሐድ ይቻላል፤ ነገር ግን ሠረቀና ሰረቀ በጥንቱ አጻጻፍ የተለያዩ ቃላት ናቸው፣ አንዱ የፀሐይ መውጣት፣ ሌላው የሌባ ሥራ። የእኛ ምርጫ መካከለኛ ነው። ቁልፍ ቃላት ላይ እናዋህዳለን፤ ሐሰትም ሀሰትም ያው ነው። ስሞች ላይ አናዋህድም፤ ነገር ግን አንድ ስም ካልተገኘ፣ ሞክሼዎቹ ተዋሕደው የሚመሳሰል ስም ካለ መልእክቱ ያንን ይጠቁማል፦

```
መስመር 9፦ «ስራ» የሚል ስም እዚህ አይታወቅም።
         መስመር 2 ላይ «ሥራ» የሚል አለ።
```

ይህ የሚሠራው ስም ሳይፈጠር መጠቀም ስህተት ስለሆነ ነው። ያልተፈጠረን ስም በዝምታ አዲስ አድርጎ የሚቀበል ቋንቋ ውስጥ ይህ ስህተት መልእክት እንኳ አይኖረውም።

አራተኛው የግዕዝ ቁጥሮች ናቸው። ቋንቋችንን የምንሠራው በፓይተን ነው፤ ፩ እና ፪ን በፓይተን፣ አኃዝ መሆንን በሚፈትሸው «ኢዝዲጂት» ቢጠይቁ «አዎ፣ አኃዝ ነው» ይላል። ያንኑ ጽሑፍን ወደ ቁጥር ለሚቀይረው «ኢንት» ሲሰጡት ግን ፕሮግራሙ ይወድቃል። የግዕዝ አኃዝ ዜሮ የለውም፣ በቦታ ዋጋም አይሠራም፤ ፻፳፫ መቶ፣ ሃያ፣ ሦስት ተብሎ የሚደመር እንጂ ሦስት ቦታ ያለው አኃዝ አይደለም። ስለዚህ በሌክሰሩ ውስጥ ከ0 እስከ 9 ያሉትን አሥሩን አኃዞች በቀጥታ ዘርዝሮ መፈተሽ ይሻላል። የግዕዝ ቁጥር ከመጣ «እዚህ ከ0 እስከ 9 ባሉት ይጻፉ» የሚል መልእክት ይውጣ። እንዲሁም ከቁጥር ጋር ተጣብቆ ፊደል ቢመጣ፣ `5ሳለ` ዓይነት፣ ቆሞ መናገር ነው።

ማን ቀድሞ ይሰላል

አገላለጾችን ለማንበብ ቮን ፕራት በ1973 ያቀረበው ዘዴ ይበቃል። ለእያንዳንዱ ምልክት አንድ የመሳብ ኃይል እንሰጠዋለን። ወይም 10፣ እና 20፣ አይደለም 30፣ ማወዳደሪያዎቹ 40፣ + እና - 50፣ * እና / 60፣ ከቁጥር ፊት የሚመጣው ነጠላ - 70፣ የጥሪ ቅንፍ 80። ሌላው ቶከን ሁሉ፣ «ከሆነ»ን፣ ) እና ።ን ጨምሮ፣ 0 ነው።

አንባቢው ፋንክሽን አንድ ዝቅተኛ ኃይል ይቀበላል። አንድ ቶከን ያነብና ግራው ያደርገዋል። ከዚያ የቀጣዩን ምልክት ኃይል ያያል። ከተሰጠው ዝቅተኛ ኃይል ካነሰ ወይም እኩል ከሆነ ይቆማል፤ ከበለጠ ምልክቱን ወስዶ፣ በምልክቱ ኃይል ራሱን ጠርቶ ቀኙን ያነብና ሁለቱን አንድ ላይ ያስራል። ከዚያ ይደግማል። በቃ።

`2 + 3 * 4 > 10 ከሆነ` ላይ እንከተለው። በ0 ይጀምራል፤ ግራው 2። + 50 ነው፣ ከ0 ይበልጣል፤ ስለዚህ ቀኙን በ50 ያነባል። እዚያ ግራው 3፣ ቀጣዩ * 60 ስለሆነ 3 * 4 ይታሰራል፤ > ሲመጣ 40 ከ50 ስላነሰ ይቆማል። ወደ ውጭ ሲመለስ 2 + (3 * 4) ተሠርቷል። > 40 ከ0 ስለሚበልጥ 10ን ይወስዳል። «ከሆነ» 0 ነው፤ ሥራው አለቀ፣ ዓረፍተ ነገሩን የሚያነበው ክፍል ይረከባል። ግሡ መጨረሻ ላይ መሆኑ እዚህ ላይ ምንም አላስቸገረም።

በጣም የተለመደው ስህተት «ካነሰ ወይም እኩል ከሆነ» የሚለውን «ካነሰ» ብቻ ማድረግ ነው። መደመርና ማባዛት ሲፈተኑ ምንም አይታይም። `10 - 4 - 3` ሲሰጠው ግን በ3 ፈንታ 9 ይመልሳል፤ ከቀኝ ጀምሮ ስላሰረው ነው። መቀነስንና ማካፈልን ያልፈተነ ፓርሰር እንዳልተፈተነ ይቆጠር።

አሁን «አይደለም» ላይ ትንሽ እንቆይ። ከኋላ የሚመጣ ስለሆነ ቀኝ የለውም፤ ሉፑ ሲያገኘው ግራውን ብቻ ይጠቀልላል። ኃይሉ 30 የሆነው `ሀ == ለ አይደለም` ማንም ሰው «ሀ ከለ ጋር እኩል አይደለም» ብሎ ስለሚያነበው ነው። ከማወዳደሪያዎቹ በላይ ብናደርገው «ለ»ን ብቻ ይገለብጥ ነበር። ግን `ሀ እና ለ አይደለም` ሲመጣስ? በሠንጠረዡ መሠረት የሚገለበጠው «ለ» ብቻ ነው። የሚያነበው ሰው ግን «ሁለቱም አይደለም» ሊለው ይችላል፤ በንግግር ሁለቱም ይባላል። እንግዲህ መመሪያችን እዚህ ይሠራል፦ ፓርሰሩ እናን ወይም ወይምን ሲያስር ቀኙ ቅንፍ የሌለው «አይደለም» ከሆነ «ቅንፍ ያስፈልጋል» ብሎ ያቆማል። `ሀ እና (ለ አይደለም)` ወይም `(ሀ እና ለ) አይደለም` ተብሎ ይጻፍ። ለዚህ ሲባል ከቅንፍ የወጣ እያንዳንዱ አገላለጽ «በቅንፍ የመጣ» የሚል ምልክት ይያዝ። በዚሁ ምልክት እናንና ወይምን ያለ ቅንፍ መደባለቅንም እንከለክላለን። ሠንጠረዡ 10 እና 20 ብሎ ያውቃቸዋል፤ አንባቢው ግን እንዲያስታውስ አይገደድም።

`1 < ሀ < 5`ም ይከለከላል። ሲ ውስጥ ይህ ሁልጊዜ እውነት ነው፤ የመጀመሪያው ንጽጽር 0 ወይም 1 ይሰጣል፣ ሁለቱም ከ5 ያንሳሉ። ፓይተን በሒሳብ ትርጉሙ ይረዳዋል። ሁለት የታወቁ ቋንቋዎች ካልተስማሙበት `1 < ሀ እና ሀ < 5` ማስጻፍ ይሻላል።

የቀረችው አራት ነጥብ

```
ድምር = 10 ይሁን
ጻፍ(ድምር)።
```

ፓርሰሩ ስህተቱን የሚያውቀው «ጻፍ» ላይ ሲደርስ ነው፤ ስለዚህ በግዴለሽነት የተጻፈ ፓርሰር «መስመር 2፦ ጻፍ አልተጠበቀም» ይላል። ሰውየው መስመር 2ን ደጋግሞ ያያል፤ መስመር 2 ግን ልክ ነው። ለዚህ ነበር እያንዳንዱ ቶከን ያለቀበትን ቦታ እንዲይዝ ያደረግነው። አንድ ነገር ሲጎድል መልእክቱ ያለፈውን ቶከን ጫፍ ያሳይ፦ «መስመር 1፦ ከ‹ይሁን› በኋላ ። ቀርቷል»። አንድ ነገር ሲተርፍ ደግሞ የተረፈውን ያሳይ። ጥቃቅን ልዩነት ይመስላል፤ ቋንቋ የሚወደደውና የሚጠላው ግን እዚህ ላይ ነው።

ከስህተቱ ስር ቀስት አስቀምጦ ፊደሉን ማመልከት ለላቲን ፊደል ይሠራል። የግዕዝ ፊደላት ስፋት በብዙ ተርሚናል ላይ እኩል ስላልሆነ ቀስቱ ሌላ ፊደል ስር ያርፋል። ያጠፋውን ቃል ራሱን በጥቅስ ውስጥ መጻፍ የተሻለ ነው።

አዲስ መስመርን የዓረፍተ ነገር ማብቂያ አድርገው የሚቆጥሩ ቋንቋዎች አሉ፤ ጃቫስክሪፕት አንዳንዴ ይቆጥራል፣ አንዳንዴ አይቆጥርም። የመመለሻ ቃሉን ጽፎ ዋጋውን ቀጣዩ መስመር ላይ ያስቀመጠ ሰው ባዶ ይመለስለታል። ። ይህን ያስቀራል። አንድ ቀዳዳ ግን ይቀራል፤ ። ተረስቶ ቀጣዩ መስመር በ( ከጀመረ ሁለቱ ተጣብቀው ጥሪ ይሆናሉ። መፍትሔው የጥሪ ቅንፍ ከፊቱ ካለው ስም ጋር ያለ ክፍተት እንዲጣበቅ ማስገደድ ነው።

ስሞች የት ይኖራሉ

ፓርሰሩ ያሰራቸው አገላለጾችና ዓረፍተ ነገሮች አንዱ በሌላው ውስጥ ሆነው ዛፍ ይሠራሉ፤ ፕሮግራሙን የሚያሠራው ክፍል፣ አስፈጻሚው፣ ያንን ዛፍ እየዞረ ያሰላል። ስሞች የሚቀመጡበት ቦታ ስኮፕ ይባላል፦ አንድ የስምና የዋጋ መዝገብ፣ ከእሱ ጋር የወላጁ ስኮፕ አድራሻ። «ይሁን» አሁን ባለው ስኮፕ ብቻ ይፈጥራል፤ ስሙ እዚያው ካለ ስህተት ነው። ያለ «ይሁን» የመጣ = ግን ስሙን ወደ ላይ እየወጣ ይፈልጋል፤ እስከ ጫፍ ካላገኘው ስህተት ነው። ሉአ ውስጥ ያልታወቀ ስም ላይ ዋጋ ማስቀመጥ ግሎባል (ከየትም የሚታይ ቫሪያብል) ይፈጥራል፤ አንዲት የፊደል ግድፈት ድምፅ ሳታሰማ ሁለተኛ ቫሪያብል ትሆናለች።

ፋንክሽን ሲገለጽ ሦስት ነገር ይቀመጣል፦ ፓራሜትሮቹ፣ አካሉ፣ የተገለጸበት ስኮፕ። ሦስተኛው ይረሳል፤ ወይም በምትኩ የጠሪው ስኮፕ ወላጅ ይደረጋል። ይህንን ፕሮግራም ይፈትኑበት።

```
መጠን = 10 ይሁን።
አሳይ() ማለት {
    ጻፍ(መጠን)።
}
ሞክር() ማለት {
    መጠን = 99 ይሁን።
    አሳይ()።
}
ሞክር()።
```

ትክክለኛው ውጤት 10 ነው። 99 ካወጣ ወላጁ ጠሪው ሆኗል ማለት ነው። ሊስፕ የሚባሉት የመጀመሪያዎቹ ቋንቋዎች እንዲህ ነበሩ፤ በ1975 የወጣው ዘራቸው ስኪም ነው ስምን በተጻፈበት ቦታ የሚፈታውን አሠራር በሊስፕ ቤተሰብ ያጸናው። ችግሩ ሁለት ፋንክሽኖች አንድ ዓይነት ስም እስኪጠቀሙ ድረስ ተደብቆ ይቆያል፤ ያን ጊዜ ፕሮግራሙ ትልቅ ሆኗል።

የሉፕ አካልም በእያንዳንዱ ዙር አዲስ ስኮፕ ያግኝ። በሉፕ ውስጥ የተፈጠሩ ፋንክሽኖች ሁሉ አንዱን ቫሪያብል ሲጋሩ፣ በኋላ ሲጠሩ ሁሉም የመጨረሻውን ዋጋ ይናገራሉ። ጎ ይህንን ያስተካከለው በየካቲት 2024፣ በ1.22 እትም ነው፤ ቋንቋው ይፋ ከሆነ ከ14 ዓመት በኋላ። ከመጀመሪያው ማድረጉ አንድ መስመር ኮድ ነው።

«መልስ»ን በፓይተን ለማስፈጸም ቀላሉ መንገድ ዋጋውን የያዘ ኤክሴፕሽን (ተራውን አፈጻጸም አቋርጦ የሚወጣ ምልክት) ማስነሳትና ፋንክሽኑ በተጠራበት ቦታ መያዝ ነው። ለዚህ የራሱ ዓይነት ይሠራለት። ስህተት ለመያዝ ተብሎ ሁሉንም ኤክሴፕሽን የሚውጥ መስመር መሃል ላይ ካለ መልሱን አብሮ ይውጠዋል።

ቁጥሮችና ዓይነቶች

0.1 + 0.2 በአብዛኛው ቋንቋ 0.30000000000000004 ነው። በሁለትዮሽ የሚቀመጥ ቁጥር አንድ አሥረኛን በትክክል መያዝ ስለማይችል ነው። ማንም አንባቢ ይህን አይተነብይም፤ ስለዚህ ነጥብ ላላቸው ቁጥሮች የፓይተንን «ዴሲማል»፣ ቁጥርን በአሥርዮሽ የሚይዘውን ዓይነት፣ እንወስዳለን። በነባሪው 28 አኃዝ ይይዛል። ይዘገያል፣ 1 / 3ም ቢሆን መቆረጡ አይቀርም፤ ግን 0.3 ሲጠበቅ 0.3 ይመጣል። ሙሉ ቁጥሮች የፓይተን ሙሉ ቁጥር ይሁኑ፤ መጠናቸው ወሰን የለውም።

እዚህ ሦስት ቦታ ላይ ይሳሳታሉ። ዴሲማሉ ከተጻፈው ጽሑፍ በቀጥታ ይሠራ፤ በመካከል ወደ ፍሎት (በሁለትዮሽ ወደሚቀመጠው የነጥብ ቁጥር) ከተቀየረ 0.1 ገና ሲገባ 0.1000000000000000055 ብሎ የሚቀጥል ቁጥር ይሆናል። ሁለት ሙሉ ቁጥሮች ሲካፈሉ ፓይተን ራሱ ፍሎት ይመልሳል፤ ስለዚህ ከማካፈል በፊት ሁለቱንም ወደ ዴሲማል መቀየር። ሦስተኛው፦ በፓይተን እውነትና ሐሰት የሙሉ ቁጥር ዘር ናቸው፤ እውነት ላይ 1 ቢደመር 2 ይላል። ዓይነት ሲፈተሽ ቡሊያን (እውነት ወይም ሐሰት) መሆኑ ከቁጥርነቱ በፊት ይጠየቅ።

ጽሑፍና ቁጥር መደመር ስህተት ነው። ማወዳደርም እንደዚሁ። ጃቫስክሪፕት ውስጥ ጽሑፍ የሆነ 1 ላይ ቁጥሩ 1 ሲደመር 11፣ ሲቀነስ 0 ይወጣል፤ አንዱ እንደ ጽሑፍ፣ ሌላው እንደ ቁጥር። «ከሆነ»ና «ሳለ»ም እውነት ወይም ሐሰት ብቻ ይቀበላሉ፤ 0 ሐሰት አይደለም፣ ባዶ ጽሑፍም አይደለም።

ባዶነትን የሚወክል ዋጋ ቋንቋው የለውም። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ቶኒ ሆር በ1965 አልጎል ደብልዩ በተባለው ቋንቋ ውስጥ ያስገባውን ባዶ አድራሻ በ2009 የቢሊዮን ዶላር ስህተቴ ብሎታል። «መልስ» ሳይደርስ ያለቀ ፋንክሽን ዋጋ የለውም፤ `ሀ = ጻፍ(1) ይሁን።` ሲባል አስፈጻሚው «ጻፍ ዋጋ አይመልስም» ብሎ እዚያው ያቆማል።

ጥልቀት

ፓይተን በነባሪው ጥሪ በጥሪ ውስጥ 1000 ሲደርስ ያቆማል። የእኛ አንድ ጥሪ ግን በፓይተን በኩል ብዙ ጥሪ ነው፦ ጥሪውን፣ አካሉን፣ ዓረፍተ ነገሩን፣ አገላለጹን የሚያስፈጽሙት ሁሉ ይቆጠራሉ። ስለዚህ `ፋክቶሪያል(300)` ሊወድቅ ይችላል፤ ሲወድቅም የሚታየው የፓይተን ረጅም ዝርዝር ነው፣ የቋንቋው ተጠቃሚ የማያውቀው። አስፈጻሚው የራሱን ቆጣሪ ይያዝ፦ ጥሪ ሲጀምር አንድ ይጨምር፣ ሲያልቅ (በስህተት ቢያልቅም) ይቀንስ። ወሰኑ፣ ለምሳሌ 500፣ ሲታለፍ የፋንክሽኑን ስምና መስመር ይናገር። የፓይተንን ወሰን ደግሞ ከዚያ በቂ ርቀት ላይ ከፍ ማድረግ ነው። ወሰኑን መጨመር ብቻውን አደገኛ ነው፤ በጣም ከፍ ከተደረገ ፓይተኑ ራሱ ያለ መልእክት ሊወድቅ ይችላል።

ፈተናዎቹን በሁለት ማኅደር ይክፈሉ። አንደኛው መሥራት ያለባቸውን ፕሮግራሞች ከሚጠበቀው ውጤት ጋር ይያዝ። ሁለተኛው መውደቅ ያለባቸውን፣ ከሚጠበቀው መልእክትና የመስመር ቁጥር ጋር። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ቢበዛ ይሻላል፦ `ሀ እና ለ አይደለም`፣ `1 < ሀ < 5`፣ በፓራሜትር ቦታ የመጣ ድምር፣ የቀረ ።፣ `ስራ` በ`ሥራ` ቦታ፣ ፩ በ1 ቦታ። በ፡፡ ብቻ የተጻፈ አንድ ሙሉ ፕሮግራምም በመጀመሪያው ማኅደር ይግባ፤ ኮድ አርታዒው ራሱ አርሞ ወደ ። እንዳይቀይረው ግን የፊደሎቹን ቁጥር አውጥቶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።